ስለ ኤልሻዳይ የሰጠሁት ቃል

ሴንት ፖል፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፣

ይህች ወረቀት እጅሽ ስትገባ በሙሉ ጤንነት እንድታገኝሽ ምኞቴ ነው። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ግድግዳውን ትደገፊያለሽ ወይስ ሐኪሙ ያዘዘልሽን ምርኩዝ መያዝ ጀመርሽ? ግፊትሽስ? የድሬዳዋ ሙቀት በኅዳር ጋብ ስለሚል በዚህ ወር ደኅና እንቅልፍ እንደሚወስድሽ ተስፋ አደርጋለሁ። ከጎረቤትሽ ጋር በፍሳሹ ምክንያት የነበረው ክርክር በእርቅ አልቋል ብለሽኝ ነበር፤ ሆኖም ሰውየው ቶሎ መስማማቱን አልወደድኩትም። ተጠንቀቂው። እኔ ለጊዜው ሥጋዬ ደኅና ነው። ስለ ቀረው ልጽፍልሽ ተቀምጫለሁ።

ከመቀጠልሽ በፊት አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ይህን ደብዳቤ ለሌላ ሰው ሰጥተሽ አታስነብቢ። በመሠረተ ትምህርት ዘመን የለመድሽው ንባብ ዝግ ቢልም ይበቃል፤ መነጽርሽን አድርጊና በሩን ዘግተሽ ራስሽ አንብቢው። ፊደሉን ጎላ ጎላ አድርጌ የጻፍኩት ለዚሁ ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩን ስለማላምነው ነው። ከመስከረም ወዲህ ከአንቺ ጋር ስናወራ በመሀል ቀጭ የሚል ድምፅ እሰማለሁ። ኃይለማርያም የሚባል የታክሲ ሾፌር የእናቱን ሙት ዓመት ሊያወጣ ወደ ድሬዳዋ ስለሚመጣ በእርሱ እጅ ልኬዋለሁ። ጨዋ ሰው ነው ይባላል። ቢሆንም ፖስታውን በሁለት ወገን በፕላስተር አሽጌዋለሁ፤ ፕላስተሩ ተነሥቶ እንደገና የተለጠፈ ከመሰለሽ አሳውቂኝ።

ነገሩ የኤልሻዳይ ነው። አትደንግጪ፤ እኅቴ አልታመመችም፣ አልታሰረችም፣ አላረገዘችም። ሦስቱንም በየተራ ጠርጥሬ ጨርሻቸዋለሁ።

እንደምታውቂው እኔና እርሷ በአንድ አፓርትመንት እንኖራለን። እርሷ በብሩክሊን ሴንተር በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነርስ ናት፤ እኔ ሕመምተኞችን በቫን ወደ ሐኪም አመላልሳለሁ። ከሰኔ ጀምሮ ጠባይዋ ተለወጠ። መጀመሪያ ራት አብራኝ መብላት ተወች። ቀጥሎ የአልጋዋን የግርጌ እግሮች በጡብ ከፍ አድርጋ፣ ራሷን ወደ ታች አዘቅዝቃ መተኛት ጀመረች። ምነው ብላት ለወገቤ ነው አለችኝ። ወገቡን የሚያመው ሰው ግን በማግሥቱ ሐይቁን ሮጦ አይዞርም። ክንዷ ላይ የመርፌ ምልክት አየሁ። የመታጠቢያ ገንዳውን በረዶ በሚያህል ውኃ ሞልታ እስከ አንገቷ ገብታ ትቀመጣለች፤ በሩ ሥር ቆሜ ሳዳምጥ አንዳች ድምፅ አታሰማም። በዕረፍት ቀኗ ማልዳ ትወጣለች። ወዴት ነው ስላት «ኤክስትራ ሺፍት ወስጄ ነው» ትለኛለች። በመጦሪያው ደጅ አልፌ መኪናዋን ብፈልግ የለችም። መድኃኒት አስነክተዋት ይሆን ብዬ ጠበል እንድትሄድ በዘወርዋራ ነግሬአት ነበር፤ «ቀዝቃዛ ውኃማ በየቀኑ እየገባሁ ነው» ብላ ሳቀችብኝ።

ከበላያችን የሚኖሩት እትዬ ባየሽ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አግኝተውኝ፣ «ያቺ ልጅ ከስታለች፤ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ሳገኛት ደግሞ ለብቻዋ ፈገግ ትላለች። አንተ ወንድሟ ነህ ወይስ ደባሏ?» ብለው ነከሱኝ። ሴት ልጅ ከስታ ለብቻዋ ፈገግ ካለች ነገሩ ወንድ ነው ብለው ደመደሙ። እኔም አብሬ ደመደምኩ። አንድ ማክሰኞ ሕመምተኛ ሳላሳፍር ቫኑን አስነሥቼ ተከተልኳት።

ፕሊማውዝ የምትባል ከተማ ገብታ ከመጋዘኖች መሀል፣ መስኮት የሌለውና ስም ያልተጻፈበት ሰፊ ሕንፃ ፊት አቆመች። ከየመኪናው የሚወርዱት ሴቶች ብቻ ነበሩ። አንዲቱ የጠቆረ የብየዳ ጓንት ጨብጣ፣ ሌላይቱ እንደ እኅቴ የነርስ ልብስ ለብሳ፣ ሁሉም ሳይነጋገሩ ወደ አንድ በር ይገቡ ነበር። ወንድ አለመኖሩ ጥርጣሬዬን ሊያቃልልልኝ ሲገባ አባሰው። ሃይማኖት ለውጣ ይሆን ብዬ አሰብኩ።

ከቫኑ ሳልወርድ አንዲት ረጅም ልጅ መጥታ መስኮቱን አንኳኳች። ሲፋን ትባላለች፤ የቡርንስቪል ልጅ ናት። ቤቷ የሚነገረው ኦሮምኛ ነው፣ አማርኛዋ ግን ሰው ለማብሸቅ ይበቃል። በቫኑ ላይ የተጻፈውን አይታ «በሽተኛው ማነው? አንተ ነህ እንዴ?» አለችኝ። የኤልሻዳይ ወንድም መሆኔን ስነግራት፣ «አውቄአለሁ፣ ኩርፊያችሁ አንድ ነው» አለች። እኔም በትሕትና፣ በዚህ ሕንፃ ውስጥ የሚከናወነው ተግባር ምን እንደሆነ ብትገልጪልኝ አልኳት። ከት ብላ ሳቀች። «ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው ብላኛለች። ይህን የዳኛ አማርኛ ማን አስተማረህ?» አለችኝ። ቆይታም፣ «ተዘቅዝቀን እንተኛለን፣ ተሽከርክረን እናስመልሳለን፣ ደም እንሰጣለን። ከዚያ ጨረቃ ላይ እንወጣለን» አለችኝ።

እናቴ ሆይ፣ ሩስያውያን ሴቶቻቸውን ጨረቃ ላይ ካሰፈሩ ብዙ ዘመን መሆኑን አንቺም በሬዲዮ ስትሰሚው የኖርሽው ነው። እኛ ልጆች ሳለን በሙቀቱ ወራት ጣራ ላይ ስንተኛ፣ «ዝም በሉ፣ ሴቶቹ ከላይ እያዩአችሁ ነው» እያልሽ ታስፈራሪን አልነበር? አሜሪካ ግን ለሴት አይሆንም እያለች ወንዶቿን ብቻ ስታሽቀዳድም ቆይታ፣ ዘንድሮ እልህ ይዟት ከየግዛቱ ሴቶችን እየመረጠች ነው። የሚፈለጉት አብራሪዎች ብቻ አይደሉም፤ ለምትሠራው የጨረቃ ጣቢያ ነርስም፣ በያጅም፣ የቧንቧ ሠራተኛም ያስፈልጋል። በፕሊማውዝ ያለው ቤት ከምርጫው ቦታዎች አንዱ ነው። የተመረጠች ሴት ሁለት ዓመት እዚያ ትቀመጣለች። መመለሻ መንኮራኩር አለ ወይ ብዬ ሲፋንን ብጠይቃት አለ አለችኝ። አይተሽዋል ወይ ብላት፣ «የመሄጃውንስ መች አየሁት?» አለችኝ። ይህ መልስ ብዙ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ከመለያየታችን በፊት ሲፋን ቀልዷን ትታ አንድ ነገር አሳሰበችኝ። ከምርጫው ቤት አንዲት ሴትዮ በየቤታችን እየዞረች ስለ ጠባያችን ዘመድ ትጠይቃለች፤ ስትመጣብህ ያለውን እውነት ብቻ ንገራት አለችኝ። እኔም እሺ አልኳት።

ኤልሻዳይ ያን ዕለት ስትመለስ ሳሎን ተቀምጬ ጠበቅኋት። መከተሌን ሲፋን ቀድማ ነግራት ስለነበር ገና ከበር «የቫኑን ቤንዚን ማን ይከፍላል?» አለችኝ። ስለ ስልኩ ድምፅ ስነግራት፣ «ከእማዬ ጋር ስለ ጉልበቷ የምታወራውን ሩስያ ምን ያደርግላታል?» አለች። ለምን ከእኔ ከወንድምሽ ደበቅሽ አልኳት። ይህን ስጠይቃት ሳቋን ተወች። «አንተ ከሰማህ ትፈራለህ። አንተ ከፈራህ ደግሞ እኔ እቀራለሁ» አለችኝ። እዚያ ምን አለሽ ብላት፣ ሁሉም ሰው መጤ የሆነበት ቦታ አንድ ጊዜ ልኑር አለችኝ። ጫማዋን ስታወልቅ የእግሯ ጣቶች በፕላስተር ተጠቅልለው አየሁ።

ሴትዮዋ በጥቅምት መጣች። ፀጉሯ የሸበተ፣ ሳይነግሯት ጫማዋን በር ላይ ያወለቀች ትሑት አሜሪካዊት ናት። ነገሪ የሚባል አስተርጓሚ ይዛ ነበር፤ ከረባት ያደረገ፣ አማርኛው የጠራ ሰው ነው። ኤልሻዳይ በደንቡ መሠረት ከቤት ወጥታለች። እኔም ኮቴን ለብሼ ተቀበልኳቸው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሶፋው ላይ ተቀምጠው ስለ እኅትህ ልንጠይቅህ መጥተናል አሉኝ። በአገራችን ሰዎች አምረው ለብሰው ገብተው ስለ ሴት ልጅ ጠባይ ሲጠይቁ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው። አባታችን በሕይወት የለም፤ በእርሱ ቦታ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። በእንግዳ ፊት የእኅቱን ስም የሚያሳንስ ወንድም ምን ወንድም ነው? ስለዚህ አመሰገንኳት።

ዝምተኛ ናት አልኩ። አንገቷን ደፍታ የምትሄድ፣ በትልቅ ሰው ፊት ቃል የማትመልስ ናት አልኩ። ሳታማክረኝ አንዳች ነገር አትጀምርም አልኩ። ከቤት መውጣት አትወድም፣ ጨለማ ትፈራለች፣ በር ሲዘጋባት ትጨነቃለች፣ ከእናታችን በተለየን ጊዜ ዓመት ሙሉ አልቅሳለች አልኩ። ነገሪ እዚህ ላይ ሲደርስ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣ «ወንድሜ፣ ይህ እንዳለ ይተርጎም?» አለኝ። እንዳለ ይተርጎም አልኩት። ጉሮሮውን ጠርጎ ተረጎመው። ሴትዮዋም ጻፈች። ስትወጣ እጄን በሁለት እጇ ይዛ፣ እኅትህን በጣም እንደምትወዳት አየሁ አለችኝ።

በሳምንቱ ኤልሻዳይ ከፕሊማውዝ ያለ ሰዓቷ ተመለሰች። ከመጨረሻዎቹ እጩዎች መሀል የነበረው ስሟ ታግዷል። በጨለማ ዝግ ክፍል ብቻን የመቆየቱን ፈተና ከሁሉም በልጣ ሳለ፣ ቤተሰቧ ግን ጨለማ እንደምትፈራ መስክሯል፤ እንግዲያው ፍርሃቷን ትደብቃለች ማለት ነው፣ ፍርሃቱን የሚደብቅ ሰው ደግሞ እዚያ ላይ ጓደኞቹን ያስጨርሳል ተብላለች።

በመጀመሪያ ነገሪን ጠረጠርኩ፤ ለሌላ እጩ አድልቶ ቃሌን አጣምሞት ይሆናል ብዬ። ቀጥሎ እትዬ ባየሽን ጠረጠርኩ፤ ሴትዮዋን ደረጃ ላይ አግኝተው አንድ ነገር ሹክ ብለዋት ይሆናል ብዬ። ይህን ሁሉ ስዘረዝርላት ኤልሻዳይ ቆማ ሰማችኝ። ከዚያ፣ «ሴትዮዋ ለምን እንደምትመጣ ሲፋን አልነገረችህም?» አለችኝ። ረስቼው ነው አልኳት። «የጋብቻ ሽማግሌ መስለውህ ነው?» አለችኝ። አዎን አልኳት። «ጫማዋን ያወለቀች ፈረንጅ ሽማግሌ» አለችና ሊያስቃት ሲል ተወችው። ልብሷን በከረጢት ሞልታ ቡርንስቪል ሲፋን ቤት ሄደች። አልጋዋ ከነጡቡ ቀረ።

እናቴ፣ ረስቼው ነው። ሰው በገዛ ቤቱ ተቀምጦ በአገሩ ልማድ ቢመልስ ይፈረድበታል? እትዬ ባየሽ ግን ነገሩን ሲሰሙ፣ «ቤት ላስቀራት ብለህ ቡርንስቪል ሰደድካት» አሉኝ። ላስቀራት ብያለሁ ብዬ የነገርኳቸው ነገር የለም። ይህን ከየት እንዳመጡት አላውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ ደረጃ ላይ ድምፃቸውን ስሰማ እስኪያልፉ በር ውስጥ እቆያለሁ።

ቤቱ ጭር አለ። ምግብ ለአንድ ሰው መሥራት አልለመድኩም። መብራት ሳላጠፋ እተኛለሁ። በዚህ መሀል ኤልሻዳይ ለምርጫው ቤት አቤት ብላ ኖሮ፣ ሴትዮዋ ሁለተኛ እንድታነጋግረኝ ተፈቀደ። ትናንት ወዲያ መጣች። ነገሪ በዚህ ጊዜ ከረባት አላደረገም፤ ገና ከበር «ዛሬ ሽማግሌ አይደለሁም» አለኝ። ወሬው ደርሶታል ማለት ነው። ሴትዮዋ ካለፈው የተለየ የምትለው አለህ ወይ ስትለኝ፣ ለአንቺም ነግረን የማናውቀውን ነገርኳት።

ወደ ጅቡቲ ስንሻገር በደኅና ገባን ብቻ ነበር ያልንሽ። የተጓዝነው ከሌሎች ሰዎች ጋር በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ነው። ሾፌሩ ከሩቅ ኬላ አይቶ መኪናውን በረሃ ላይ አቆመና፣ በሩን ከውጭ እንደቆለፈ ጥሎን ሄደ። ጨለማው ዓይን የጨፈኑት ዓይነት ጨለማ አይደለም፤ ከዚያ ይብሳል። ብረቱ ይፋጃል። ሰዎች ግድግዳውን መደብደብና መጮኽ ጀመሩ። ኤልሻዳይ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከሁሉም በላይ ጮኻ ዝም አሰኘቻቸው። ጩኸት አየሩን ይጨርሰዋል፤ በየተራ እናንኳኳለን፣ ተራው ያልሆነ ይቀመጥ፣ በአፍንጫው ቀስ ብሎ ይተንፍስ አለች። አንድ አዛውንት እኔን ሴት ልጅ አታዘኝም ቢሏት፣ «እንግዲያው እርስዎ ይዘዙና እኔ ልጩህ» አለቻቸው፤ በዚያ ጭንቅ መሀል ሰው ሳቀ። በበሩ ጠርዝ አየር የሚያስገባ ስንጥቅ ነበር። የደከሙትን እየዳበሰች ወደዚያ አቀረበች፤ የራሷን ተራ ለሌላ ሰጠች። በቀሚሷ ተጠምጥሞ እናቱን እየጠራ የሚያለቅስ አንድ ልጅም ነበር። በሩ እስኪከፈት ድረስ በግራ እጇ ራሱን እየዳሰሰች በቀኟ ብረቱን ታንኳኳ ነበር። ግመል የሚነዱ ሰዎች ሰምተው ከፈቱልን። ልጁ ከወጣም በኋላ ቀሚሷን አልለቀቀም።

ሴትዮዋ ያ ልጅ ማን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ነገሪ ግን ተርጉሞ ሲያበቃ ተነሥቶ ከገዛ ቧንቧዬ ውኃ ቀድቶ ሰጠኝ።

በመጨረሻ፣ ማስቀረት ብትችል ታስቀራታለህ ወይ አለችኝ። አላስቀራትም የሚለውን መልስ በእንግሊዝኛ ራሴ ነገርኳት፤ አጭር ስለሆነ አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

ዛሬ ጠዋት ኤልሻዳይ ደወለችልኝ። መኪናዬ በብርዱ አልነሣ አለች፣ ፕሊማውዝ ድረስ ድራይቭ አድርገኝ አለችኝ። ሲፋን መኪና እንዳላት፣ የምትሄደውም ወደዚያው ቤት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ሄጄ አሳፈርኳት። ከፊት ተቀመጠች። ስለ መመለሻው መንኮራኩር ብጠይቃት፣ «አይቼዋለሁ። አስቀያሚ ነው፣ ግን አለ» አለችኝ። እውነቷን ይሁን እኔን ለማስተኛት አላወቅሁም። ፊቷን አየሁት፤ ከፊቷ አንዳች ማንበብ አልቻልኩም።

አሁን የቀረው የአንቺ ቃል ነው። የእኔ ሁለቱ ቃሎች ስለተጋጩ ከአንቺ እንዲሰሙ ወስነዋል። በታኅሣሥ መጀመሪያ ሴትዮዋ ስልክ ትደውልልሻለች፤ የሚያስተረጉመው ነገሪ ነው፣ አትጠርጥሪው። እናቴ፣ እባክሽ አታመስግኛት። ጨዋ ናት፣ አንገቷን የደፋች ናት አትበዪ። የባቡር ጣቢያው የውኃ ማማ ላይ ወጥታ ዘበኛው ከሥር ሆኖ ሲለምናት እንደዋለ ንገሪያት። አስተማሪው ሰሌዳ ላይ ሲሳሳት ጠመኔውን ከእጁ ተቀብላ እንዳረመችው፣ ተጠርተሽም ይቅርታ አልጠይቅም እንዳለች ንገሪያት። ለሱቅ ባለቤቱ ልትድሪያት ሽማግሌዎቹን ስታስተናግጂ በማድ ቤቱ መስኮት ዘላ መጥፋቷን ንገሪያት። ይህን ለሰው እንዳንተነፍሰው አስምለሽን ነበር፤ መሐላውን ለዚያች ስልክ ብቻ ፍቺው። እዚያ ያሳፍረን የነበረው ሁሉ እዚህ ይፈለጋል።

በመጨረሻ ላይ፣ ልጅሽ ከቤተሰብ ተለይታ መኖር ትችላለች ወይ ብላ ትጠይቅሻለች። ምን ማለት እንደሚያሰኝሽ አውቃለሁ። አትችልም፣ ታለቅሳለች፣ ጨለማ ትፈራለች ማለት ለአፍ ቀላል ነው፤ የሚያጣራም የለም። እኔ ብዬዋለሁ። አንቺ አትበዪው።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ እንቅልፍሽን ጣፋጭ ያድርግልኝ። ጣራ ላይ ወጥተሽ ቀና የምትዪበትን ምሽት፣ ወርዳም ደጅሽን የምታንኳኳበትን ቀን በጤና ያሳይሽ። እኔም እስከዚያ አለሁልሽ።

የኤልሻዳይ ወንድም፣
ልጅሽ